ቡናው ሲያር ያልሸተታቸው እናት፦ ስለ አንጎል ዕጢ ሕክምና መዘግየት ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ባጃጅ እነዳለሁ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጉልት እየቸረቸረች ነው ያሳደገችን። ራሷን ማመም ከጀመራት ዓመት አልፎታል። ታይፎይድ ተብላ መርፌ ወስዳለች፣ ሳይነስ ተብላም ታክማለች። ዓይኗ ስለደከመ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መነጽር ቀይረንላታል፤ አሁን ግን በቀኝ ዓይኗ የሰው ፊት መለየት እያቃታት ነው። በቅርቡ ቡና እየቆላች ሳለ አርሮ ቤቱን ጭስ ሲሞላው አልሸተታትም፤ እኛ ነን ከውጭ ሮጠን የገባነው። እንጦጦ ሄዳ ሁለት ሳምንት ተጠምቃለች። ከሁለት ወር በፊት አንድ ሐኪም የጭንቅላት ምርመራ አዝዞላት ነበር፤ አጎቶቼ ግን ዕጢ ነው ቢባል ለቀዶ ሕክምናው የሚሆን ብር ሳንይዝ ማወቁ ጭንቀት ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ገንዘቡ ይሟላ ስላሉ ወረቀቱ ቤት ተቀምጧል። ልክ ናቸው? ደግሞስ ይህን ያህል ጊዜ ሐኪም ቤት ስንመላለስ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?»

ምላሽ፦

አጎቶችዎ ያሰቡት ለእህታቸው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ልክ አይደሉም። ቤት የተቀመጠው የምርመራ ወረቀት በዚህ ሳምንት ሥራ ላይ መዋል አለበት። ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳለሁ፤ ሁለተኛው ጥያቄዎም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሬ እመልሰዋለሁ።

ሕመምተኛን ሳያዩና ሳይመረምሩ በሽታ መሰየም ተገቢ ስላልሆነ እናትዎ ዕጢ አለባቸው አልልም። የአፍንጫ ውስጥ ሕመም ማሽተትን ሊያጠፋ ይችላል፤ ዓይንም በሞራና በሌሎች ብዙ ምክንያቶች ይደክማል። ራስ ምታት ብቻውን ደግሞ በአብዛኛው አደገኛ ነገር አያመለክትም፤ ራሴን አመመኝ ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ከሚሄዱት መካከል ዕጢ የሚገኝባቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። የማሽተት ነርቮችና የዓይን ነርቮች ከአንጎል የፊት ክፍል ሥር፣ ከአፍንጫ ጣሪያ በላይ ባለው ጠባብ ሥፍራ ተቀራርበው ያልፋሉ። በዚያ ሥፍራ ከአንጎል ሽፋን የሚነሣ ሜኒንጂዮማ የሚባል ዕጢ አለ፤ ይህ ዕጢ ለዓመታት ቀስ እያለ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ማሽተትን፣ ቀጥሎ የአንዱን ዓይን ብርሃን ይወስዳል፤ ጠባይንም ሊለውጥ ይችላል። ቀድሞ ቤቱን ቀጥ አድርጋ ትይዝ የነበረች ሴት ነገር ዓለሙን ስትተወው፣ ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ስትጨምር፣ እንግዳ ሲመጣ ከተቀመጠችበት አልነሣ ስትል ቤተሰቡ «አኩርፋ ነው» ወይም «ዕድሜ ነው» ይላል። እናትዎ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ታይቶ ከሆነ ለሚያያቸው ሐኪም ይንገሩ፤ ሰው ይህን የሐኪም ጉዳይ ነው ብሎ ስለማያስብ ካልተጠየቀ አይናገረውም።

ሜኒንጂዮማ ከራስ ቅል ውስጥ ከሚነሡ ዕጢዎች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆን፣ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ የሚበዛና በአብዛኛው ነቀርሳ ያልሆነ ነው። እዚህ ላይ የቋንቋችን ነገር ራሱ ችግር ይፈጥራል። «ዕጢ» የምንለው በተፈጥሮ ያለውን የሰውነት ክፍልም ያለ ቦታው የበቀለውንም ነው፤ ከአንጎል ሥር ባለችው የፒቱታሪ ዕጢ ላይ እባጭ ሲወጣ «የዕጢ ዕጢ» ብዬ ለማስረዳት የተቸገርሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህም ጋር ሰዉ «የጭንቅላት ዕጢ» ሲባል ወዲያው ነቀርሳን፣ ነቀርሳ ሲባል ደግሞ ሞትን ስለሚሰማ ገና ምንነቱ ባልታወቀ ነገር ላይ ቤት ውስጥ ለቅሶ ይጀመራል። በእውነቱ ዓይነቱ ከመቶ በላይ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ በወራት የሚገድል አለ፣ ወጥቶ የማይመለስ አለ፣ ያለ ቢላ በእንክብል ብቻ የሚሟሽሽም አለ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ። ስለ እናቶች ጤና የሠለጠነ ማንኛውም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚባለውን ያውቃል፦ ለመሄድ በመወሰን፣ ጤና ተቋም በመድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት የሚጠፋው ጊዜ ነው። ለምጥ የተበጀው ይህ አከፋፈል ለአንጎል ዕጢም ይጠቅማል፤ ሆኖም ምጥ በሰዓታት ስለሚቆጠር ቤተሰቡ መዘግየቱን ያውቃል፣ ዕጢ ግን በወራትና በዓመታት ስለሚሄድ ማንም የዘገየ አይመስለውም። የእናትዎን ዓመት ተመልከቱት። አንድም ቀን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አልተቀመጣችሁም፤ ዓመቱ ያለቀው በእያንዳንዱ ጊዜ ትክክል በሚመስሉ ትንንሽ ውሳኔዎች ነው።

በከተማው ዳር የሚኖር ሰው ራሱን ሲያመው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሱቅና ወደ መድኃኒት ቤት ነው፤ ቅርብ ነው፣ ወረፋ የለውም፣ የቀን ገቢ አያስቀርም። ካልተሻለው በሠፈሩ ወዳለ መለስተኛ ወይም መካከለኛ ክሊኒክ ይሄዳል። በዚያ ደም ይሰጣል፤ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ውጤት «አለብህ» ሲል ለተከታታይ ቀናት መርፌ ይወጋል። ይህ የደም ምርመራ በሽታው በሚዘወተርበት አገር በጤነኛ ሰው ላይም «አለ» ሊል ስለሚችል ብቻውን የሚታመን አይደለም፤ ግን ስም ይሰጣል፤ ስም የተሰጠው ሰው ደግሞ ሌላ አይፈልግም። «ሳይነስ» የሚለው ቃልም እንዲሁ በአዲስ አበባ የራስ ምታት ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በመሐል የሚሰጡት ማስታገሻዎች ለጥቂት ሳምንታት ያሻሽላሉና ሕክምናው የሠራ ይመስላል። ሕመሙ ሲመለስ ያንኑ ክሊኒክ «አልሠራልኝም» ብሎ ከመመለስ ይልቅ ሌላ ክሊኒክ ይኬዳል፤ አዲሱ ሐኪም ያለፈውን ስለማያውቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲህ እየተባለ የአምስት ክሊኒክ ወጪ ሲደመር፣ በእኔ ግምት፣ አንዳንዴ አንድ ሲቲ ስካን የሚባለው የጭንቅላት ምስል ከሚፈጀው ይበልጣል፤ ግን በትንሽ በትንሹ ስለወጣ ማንም አልቆጠረውም።

ስለ መነጽሩ ተጨማሪ ነገር ልበል፤ በእናትዎ ታሪክ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። መነጽር የሚያስተካክለው ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባበትን መንገድ ነው፤ ከዓይን ጀርባ ያለው ነርቭ ከተጎዳ ምንም ዓይነት ሌንስ አይረዳም። ስለዚህ በትክክል ተለክቶ የተሠራ መነጽር አድርጎ አንዱ ዓይን አሁንም የማያይ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ መነጽሩ ደጋግሞ «አልበቃ» ካለ፣ ጥያቄው ሌላ የመነጽር ቤት መፈለግ አይደለም። የዓይን ሐኪም ወይም የዓይን ነርስ በትንሽ የእጅ መሣሪያ የዓይንን ጀርባ አይተው የነርቩ ጫፍ ማበጡን ወይም መገርጣቱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያውቁ ይችላሉ። ይህች ምርመራ እጅግ ርካሽ ናት፤ በየመነጽር ቤቱ ግን አትደረግም።

ጥፋቱን ሁሉ በክሊኒኮች ላይ እንዳልጥል የራሴን ልናገር። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለ አንድ ጤና ተቋም በምሠራበት ጊዜ በማለዳ የሚያስመልሳት አንዲት ወጣት ለወራት ትመጣ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኋት፤ ሲመለስባት ቀየርሁላት። በማለዳ የሚባባስና ከራስ ምታት ጋር የሚመጣ ትውከት የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ምልክት ሊሆን እንደሚችል በፈተና ላይ ብጠየቅ ያለ ምንም ማመንታት እመልስ ነበር። በዕለቱ ስልሳ ሰው ሲጠብቀኝ ግን «ጨጓራ» የምትለው ቃል ቀረበችኝ። ያቺ ወጣት በኋላ ዕጢ እንደተገኘባት የሰማሁት በአጋጣሚ ነው። ስለዚህ አንድ ጤና ባለሙያ ለአንድ ሰው ሦስተኛ ጊዜ ተመሳሳይ መድኃኒት ሲጽፍ እጁን ገታ አድርጎ እንዲያስብ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ ሕመምተኛውም «ይህን መድኃኒት ይህ ሦስተኛዬ ነው» ብሎ የመናገር መብት አለው።

ስለ ጠበል ስጽፍ ከሁለት ወገን ቅሬታ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። በሙያ ባልደረቦቼ ዘንድ ለመዘግየቱ ሁሉ ጠበልን ወይም ሩቅያን ተጠያቂ ማድረግ የተለመደ ነው፤ እኔ በሥራዬ ካየሁት ግን ይህ ከግማሽ በላይ ስህተት ነው። የእናትዎ ሁለት ሳምንት ከዓመቱ ውስጥ ትንሿ ክፍል ናት። ሰው ወደ ጠበል የሚሄደው ብዙ ጊዜ ክሊኒክ ለክሊኒክ ተንከራትቶ ስም ያለው መልስ ሲያጣ ነው፤ በዚያ የሚሰማው፣ የሚያስተኛውና የሚጸልይለት ሰው ያገኛል። ጉዳቱ ያለው መጠመቁ ላይ ሳይሆን ከመጠመቁ ጋር በሚመጡ ሁለት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛው መድኃኒት ማቋረጥ ነው፤ አንጎል ውስጥ ያለ ዕጢ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ ለዚህ የሚሰጠው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ሊያስከትል፣ ሊገድልም ይችላል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ መናገራቸው ይታወሳልና መድኃኒት አቁሙ የሚል አጥማቂ ቢያጋጥማችሁ ይህን ማስታወስ ይቻላል። ሁለተኛው ብዙም የማይነገረው ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር ጠበል መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ስለሚያቀጥን አንጎል ያብጣል፤ ቀድሞም በጠባብ የራስ ቅል ውስጥ እባጭ ያለበት ሰው ይህን አይችልም። መጠመቅ፣ በልክ መጠጣትና ምርመራ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው ይሄዳሉ።

የሚጥለውን ሰው ክብሪት ጭሮ ማስሸተት፣ አፉን በማንኪያ መፈልቀቅ፣ ይተላለፋል ብሎ ከመንካት መሸሽ ግን ምንም የሚያስታርቅ ነገር የላቸውም፤ ይቅሩ። በጎኑ አስተኝቶ፣ ሹል ነገር አርቆ ሰዓት መያዝ ይበቃል፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ነው። ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ አዋቂ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጥለው ደግሞ፣ ምክንያቱ ጋኔን ተባለም ምች፣ የአንጎል ምስል ሊታዘዝለት ይገባል። ሕፃናትን በተመለከተ ጥያቄዎ ባይነካውም አንድ ነገር ልጨምር፦ በማለዳ የሚያስመልስና ሲራመድ የሚንገዳገድ ልጅ እንጥል በማስቆረጥ አይድንም፤ በልጆች ላይ ዕጢው ቶሎ ስለሚያድግ ጊዜው የሳምንታት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ገንዘቡ ልምጣ። «መጀመሪያ ገንዘቡ ይሟላ» የሚለው አስተሳሰብ ቤተሰቡ ገና ላላወቀው በሽታ ዋጋ እንዲተምን ያደርገዋል። ዋጋውን የሚሰማው ደግሞ ከግል ሆስፒታል ወይም ህንድና ቱርክ ሄዶ ከታከመ ሰው ዘመድ ነው። ያንን ቁጥር የሰማ ጉልት ቸርቻሪና ባጃጅ ነጂ እጁን ቢሰጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ምስሉ ሳይነሣ ያ ቁጥር የእናትዎ ስለመሆኑ ምንም ማረጋገጫ የለም። ምርመራው ዕጢ የለም ሊል ይችላል። በፒቱታሪ ላይ ያለ ፕሮላክቲኖማ የሚባል ዕጢ ነው ቢል፣ ምንም እንኳ ማሽተት ማጣት የእሱ ዋና ምልክት ባይሆንም፣ ሕክምናው በአብዛኛው እንክብል ነው። ትንሽና ምንም የማይጫን ሜኒንጂዮማ ቢሆን ደግሞ በየጊዜው ምስል እያነሡ መከታተል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ነርቭ የሚጫን ትልቅ ዕጢ ቢሆንም ቀዶ ሕክምናው በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ ስለሆነ ወጪው ከሰማችሁት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለምስሉ የሚበቃው ብቻ ነው። የሚያስፈልገውን ሳያውቁ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ቤተሰቦች ለሰጪውም ማስረዳት ያቅታቸዋል፤ ውጤት ይዞ የጠየቀ ሰው ከውጭ አገር ዘመድም ከዕቁብ ዳኛም የተሻለ መልስ ያገኛል።

ዕቁብን ካነሣሁ፦ አባሉ ሲታመም ዕጣ ማስቀደም የቆየ ልማድ ነው፤ እናትዎ ከጉልት ባልደረቦቻቸው ጋር ዕቁብ ካላቸው ለምስሉ የሚሆነው ገንዘብ እዚያው ሊገኝ ይችላል። ዕድር ግን ሌላ ነው። ዕድሮቻችን ለሞት የሚከፍሉ፣ ለሕመም ብዙውን ጊዜ የማይከፍሉ ናቸው። ሰው ታሞ ሳለ ድንኳኑም ወንበሩም መጋዘን ተቆልፎበት ይቆያል፤ ሲሞት ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ይህን ለመንቀፍ አይደለም የምጽፈው፤ ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል ብድር ወይም ድጋፍ የሚሰጡ ዕድሮች ስላሉ የእናንተን ዕድር ደንብ ጠይቁ፤ ከሌለም ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋውና በኋላ አዲስ አበባም የገባው ይህ መድን በዓመት አንድ ጊዜ በሚከፈል መዋጮ ቤተሰቡን ሁሉ ያቅፋል፤ መክፈል ለማይችሉት መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። በከተማው ዳር ለምንኖር ግን ሦስት ቦታ ላይ ይደናቀፋል። የመጀመሪያው መታወቂያ ነው። ተከራይ የሆነ፣ በጨረቃ ቤት የሚኖር ወይም መሸኛ ሳያመጣ ከክፍለ አገር የገባ ሰው በወረዳው መዝገብ ስለሌለ መድንም የለውም፤ ይህ ጉዳይ የሚታወሰው ደግሞ ከታመሙ በኋላ ነው። ምዝገባና እድሳት በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ወቅት ስለሚካሄድ ያን ጊዜ ተነሥቶ መሮጥ ላይሳካ ይችላል። ሁለተኛው ድንበር ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ አንዱ ጎረቤት የአዲስ አበባ፣ መንገድ ተሻግሮ ያለው የሸገር ከተማ ነዋሪ ሊሆን ይችላል፤ መድኑ የሚከፍለው ደግሞ የአባሉ አስተዳደር ውል ለገባበት ተቋም ነው። ስለዚህ ሪፈር ከመጻፉ በፊት «መድኔ እዚያ ውል አለው?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ድካምን ያስቀራል። ሦስተኛው የሪፈር ሰንሰለት ነው፦ ከጤና ጣቢያ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በእናንተ አካባቢ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት። ሰንሰለቱን ዘሎ የሄደ አባል ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። መድኑ መነጽርንና ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናን እንደማይሸፍን ልብ በሉ፤ እናንተ ሁለት ጊዜ ከኪሳችሁ የከፈላችሁት ለማይሸፈነው ነበር ማለት ነው።

በደረሰኝ ላይ የማይታየው ወጪ ከባዱ ነው። ጉልቱ አንድ ቀን ሲታጠፍ የዕለቱ ገቢ ይቀራል፤ ባጃጁ ሲቆም ለባለቤቱ የሚገባው ገቢ አይቆምም፤ አስታማሚ ሆና የምትቀመጠው ልጅ ከፋብሪካው ከቀረች ሥራዋን ልታጣ ትችላለች። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መሐል ከተማ በታክሲ ሦስት ጊዜ ተሳፍሮ ሄዶ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት» የተባለ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ለመምጣት ሌላ የሦስት ሰው ቀን መክሰር አለበት። ይህ የሕመምተኛው ስንፍና ተብሎ ካርዱ ላይ «በቀጠሮው አልቀረበም» ተብሎ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ እንዲያ ከሚጻፍ ቀድሞ ስልክ ቢደወል ይሻል ነበር። ቤተሰቡም በበኩሉ ከመነሣቱ በፊት ማሽኑ መሥራቱን በስልክ የማጣራት ልማድ ቢኖረው ብዙ ይተርፋል።

ምርመራው ተደርጎ ዕጢ መኖሩ ቢታወቅ ሌላ መዘግየት ይጀምራል፤ ይህ ብዙ ዕድል ሲያበላሽ ስላየሁ በሰፊው እጽፈዋለሁ። የቤተሰብ ጉባኤ ይጠራል። ታላቅ ወንድም ከዱባይ እስኪመጣ፣ ፍልሰታ እስኪያልፍ፣ የልጅቷ ሠርግ እስኪፈጸም ይባላል። ሕመምተኛዋ ዕጢ እንዳለባት «አይነገራት» ይባልና ስለ ራሷ ጭንቅላት የምታውቀው ከሁሉም ያነሰ ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ፊርማው ነው። የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ወረቀት ሲቀርብ አንድ ሰው «ብትሞት በእኔ እጅ ሞተች ሊባል ነው» ብሎ ስለሚያስብ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አእምሮዋ የሚሠራ አዋቂ ሴት የምትፈርመው ራሷ ናት፤ ፈቃዱ የእሷ ነው፣ የወንድሞቿ ፊርማ ምትክ አይሆነውም። እናትዎ አሁን ማሰብና መወሰን የሚችሉ ከሆነ ምርመራውም ውጤቱም በቀጥታ ለእሳቸው ይነገር። በልምዴ ብዙ እናቶች ከልጆቻቸው የበለጠ ደፋሮች ናቸው፤ የሚፈሩት ለልጆቻቸው ዕዳ ጥሎ መሄድን ነው።

ከፊርማው ጀርባ «ጭንቅላቱ የተከፈተ ሰው አይተርፍም» የሚለው እምነት አለ። ይህን እምነት በድንቁርና ብቻ ማለፍ ትክክል አይደለም፤ ሠፈሩ በዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚመጡት ሁለቱም ዓይናቸው ከጠፋ፣ ግማሽ አካላቸው ከደከመ ወይም መንቃት ካቃታቸው በኋላ ነው፤ ዕጢውም እጅግ ትልቅ ሆኗል። በዚህ ደረጃ የመጣ ሰው ቀዶ ሕክምናው በጥሩ ሁኔታ ቢሠራ እንኳ ዓይኑ ሳይመለስ ወደ ሠፈሩ ይገባል፤ አንዳንዱም ሕይወቱ ያልፋል። ጎረቤት የሚያስታውሰው «ተከፈተችና ሞተች» የሚለውን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለፈውን ዓመት ማንም አይቆጥርም። ስለዚህ ቀጣዩ ሕመምተኛ ይፈራል፣ ይዘገያል፣ እሱም ዘግይቶ ይመጣል፤ ፍርሃቱ ራሱ ማስረጃውን ይወልዳል። በጊዜ መጥታ ዳግመኛ ጉልቷ ላይ የተቀመጠችው ሴት ደግሞ ሰው «ጭንቅላቷ ተነክቷል» እንዳይላት፣ የልጇም ጋብቻ እንዳይሰናከል ብላ በሻሽዋ ጠባሳውን ሸፍና ዝም ትላለች። የሚሞቱት ይታወቃሉ፤ የዳኑት ይደበቃሉ።

በአገራችን ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠራ አለ ወይ ለሚለው አጭር መልስ፣ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሥልጠና በኖርዌይ ከሚገኘው የበርገን ተቋም ጋር በመተባበር በ1998 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የሙያው ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ዛሬ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ባሉ ተቋማት፣ ከአዲስ አበባ ውጭም ይሠራል። የሜኒንጂዮማ ቀዶ ሕክምና እዚሁ የሚሠራ ስለሆነ «ውጭ ካልወጣች» ተብሎ መሬት የሚሸጥበት ምክንያት በአብዛኛው የለም። የሐኪሙ ቁጥር ከሕዝቡ ጋር ስለማይመጣጠን ግን ወረፋ አለ። ወረፋው ከባድ መሆኑ ቶሎ ለመሰለፍ ምክንያት ነው እንጂ ለመቅረት አይደለም። አንዳንዴ ቀጠሮው ሩቅ ሲሆን ቤተሰቡ ቀኑን ቆጥሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በመካከል ዓይን በቀናት ውስጥ ከወረደ፣ ትውከቱ ከበረታ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው፣ እጅ ወይም እግር ከደከመ ወይም ከጣላቸው ቀጠሮውን ሳይጠብቁ በድንገተኛ ክፍል መቅረብ ይገባል፤ ድንገተኛ ሕመምተኛ የሪፈር ሰንሰለቱን አይጠብቅም።

ስለ አንድ መድኃኒት ላስጠንቅቅ። ዕጢ ሲገኝ ዴክሳሜታዞን የሚባል እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። በሁለት በሦስት ቀን ራስ ምታቱ ይጠፋል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፤ እየቆየም ፊት ሞላ ይላል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጊዜ «ድናለች፣ ቢላ ምን ያደርጋል» ብሎ ይዟት ወደ ቤት ይመለሳል። የቀነሰው በዕጢው ዙሪያ ያለው እብጠት ነው፤ ዕጢው በቦታው አለ። መድኃኒቱን ከመድኃኒት ቤት ራስ እየገዙ ለወራት መውሰድ ስኳርና ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እንዲህ ብታደርጉ እመክራለሁ። ወረቀቱ ሁለት ወር ስላለፈው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወይም ያዘዘው ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ አሳድሱት፤ ሪፈሩ ላይ «ራስ ምታት» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፣ የቀኝ ዓይን መድከምና የማሽተት መጥፋት እንዲሰፍር በትሕትና ጠይቁ፤ ወረፋ የሚያስቀድመው ይህ ነው። በዚያው ዕለት የዓይን ጀርባ እንዲታይ ጠይቁ። ኤም አር አይ የሚባለው ምስል ከታዘዘና ገንዘቡ ወይም ማሽኑ ካልተገኘ፣ «ለጊዜው ሲቲ ስካን ይበቃል?» ብላችሁ ሐኪሙን አማክሩ፤ የዓይን ነርቭ የሚጫን ትልቅ ዕጢ በሲቲም፣ በተለይ በመርፌ የሚሰጥ ቀለም ከታከለበት፣ ይታያል። አጎቶችዎን ለመቃወም አትቸኩሉ፤ ከመካከላቸው አንዱን ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙ ፊት ለፊት ይስሙ፣ ያ አጎት በሚቀጥለው ጉባኤ ከእናንተ የበለጠ ይሰማል። ከምርመራ የሚሰጣችሁን ፊልም ወይም ሲዲ ከጽሑፉ ጋር ጠብቁ፤ ጽሑፉ ብቻ ከመጣ ቀዶ ሐኪሙ እንደገና ሊያስነሣ ይገደዳል። የሁለቱን መነጽሮች ማዘዣ ወረቀት ካልጣላችሁትም አብራችሁ ያዙ፤ ዓይኑ ከመቼ ጀምሮ በምን ፍጥነት እንደወረደ የሚያሳየው ትክክለኛው መዝገብ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ያለው ቀንና ቁጥር ነው።